በባዶ እግር የሚሰፈር ጥላ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። የደርግ ጊዜ መሆኑን አውቃለሁ። መሬት ለአራሹ ከታወጀ በኋላ፣ ወደ አዲስ መንደር ግቡ ተብለን ቤታችንን ከማፍረሳችን በፊት ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት ግን አንዱን ከአንዱ መለየት አቅቶኛል። ወሩ መጋቢት ነበር። ይኸን አልረሳም፤ ሽንኩርቴ ራስ ሊይዝ ሲል ነው የጠወለገብኝ።

ባለፈው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። አንዲት ሴት ከካራቆሬ ነኝ አለችኝ። አባቷ እንዳረፉ ነገረችኝና ስማቸውን ጠራች።

"የማን ልጅ ነሽ እናቴ?" አልኳት።

ስሙን ደገመችው። አላወቅኩትም። የወረዳችንን የቀወትን ሰው ሁሉ፣ የሞተውንም ያለውንም፣ በሐሳቤ አገላበጥኩ። የለም። እሷም ገባት መሰለኝ፣ "የውሃ አባት የነበሩት" አለች።

ያኔ ተቀመጥኩ።

አንባቢ እንዳይታዘበኝ ነገሩን ላስረዳ። ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ ወደ እርሻችን የሚመጣ ቦይ አለን። ውሃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ መርጠን የምንሾመው እኛው ነን። ውሃው በእጁ እስካለ ድረስ በስሙ አይጠራም። ሚስቱ እንኳ ቦዩ ላይ ከመጣች "የውሃ አባት" ነው የምትለው። ስም ዘመድ ያስቆጥራል። እገሌ አጎቴ ነው፣ የክርስትና አባቴ ነው፣ መስጊድ አብረን ነን ያሰኛል። ውሃ ላይ ደግሞ ዘመድ አይቆጠርም። እኔም ይኸን ተርኬ እስክጨርስ ውሃው በእጃቸው ነውና ስማቸውን አልጠራም።

የምጽፈው ለማዘን ብቻ አይደለም። ከተማሩ ሰዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር አለ። የቆላ ሰው ቁጡ ነው፣ ሙቀቱ ደሙን ያፈላዋል፣ ለጠብና ለስርቆት ይቸኩላል ይላሉ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ክርክር አልችልም። ግን ውሸት ነው። ሙቀቱማ እሳቸው ውሃውን ሲያከፋፍሉም ያው ነበር።

አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ሲያናግሯችሁ ዓይናችሁን ሳይሆን እጃችሁን ነው የሚያዩት። "ዶማ የያዘ ሰውና ባዶ እጁን ያለ ሰው አንድ ቃል ቢናገሩም አንድ ነገር አላሉም" ይሉ ነበር። ከጎማ የተሠራ በረባሶ ነበራቸው፤ ቦዩ ጋ ሲደርሱ አውልቀው ከዱላቸው ጫፍ ያንጠለጥሉታል። ከዚያ ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የጥላቸው ራስ ካረፈበት ላይ አንዳችን ጠጠር እናስቀምጣለን። እሳቸው ተረከዛቸውን ከአውራ ጣታቸው እያገናኙ፣ የገዛ ጥላቸውን በገዛ እግራቸው እየሰፈሩ እስከ ጠጠሩ ይሄዳሉ። በመጋቢት ጥላው አጥሮ አጥሮ አምስት እግር ሲሆን የጧቱ ተራ አበቃ፣ የቀትሩ ጀመረ ማለት ነው። ከቀትር ወዲያ ተመልሶ ረዝሞ አምስት እግር ሲሞላ የማታው ይረከባል። የየወሩን ልክ በቃላቸው ይዘውት ነበር።

አርብ ቀትር ላይ እስላሞቹ ለስግደት ስለሚገቡ ውሃው የክርስቲያኖቹ ነው። እሑድ ጧት እኛ ቅዳሴ ስንቆም የእነሱ ነው። የውሃ አባት አርብም እሑድም ቦዩ ላይ ናቸው። "እናንተ ለእኔም ጸልዩልኝ፤ እኔ ለእናንተ ውሃውን እይዛለሁ" ይሉናል።

በእሳቸው ዘመን ሽንኩርት ተነቅሎ ማሳ ላይ ያድር ነበር። ጥበቃ የሚባል አናውቅም። ሰው ሁሉ ጻድቅ ስለነበረ አይደለም። አንድ ጊዜ የራሳቸው ዘመድ የሌላ ሰው ተራ ላይ ውሃ ሰብሮ ወደ ማሳው አስገባ። ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ሁላችንም ቆመን ቀረን። እሳቸው የራሳቸውን ተራ አንስተው ለተበደለው ሰው ሰጡት። "ዘመዴን ያላስተማርኩት እኔ ነኝ" አሉ። የዚያን ዓመት የውሃ አባት ጓሮ ደረቀ። ዘመድየው ከዚያ ወዲያ የማንንም ውሃ አልነካም፤ ሌላውም አልነካም።

"ሰው ሌባ ሆኖ አይወለድም" ይሉ ነበር። "ተራውን ሲሰርቁት ነው ስርቆት የሚማረው።"

ከዚያ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። እኔ ጭሰኛ ነበርኩ፤ መሬቱ ያንተ ነው ሲሉኝ አልቅሻለሁ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር መልካም ሰው ነበር። እሱ ተነሥቶ ከላይ የተላከው ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ንግግር ያውቃል። በመጣ በወሩ ሰበሰበንና የውሃ አባት የሚባል ነገር ያለፈው ሥርዓት ልማድ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሃውን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ነው አለ። እሳቸው እዚያው ተቀምጠው ነበር። ተነሡና "ውሃው እንዳይታመም" ብለው ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ተራ መስፈሩ ለሽፈራው ተሰጠ። ሽፈራው የሠፈራችን ልጅ ነው፤ አብዮት ጥበቃ ተብሎ ጠመንጃና ከስክስ ጫማ የተሰጠው። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን የሊቀመንበሩን እርሻ ያረሰ ሰው ሁለት ተራ ሲያገኝ ዝም ይላል፤ ታዟልና። ማን ይናገር? "ለምን?" ያለ ሰው ፀረ አብዮት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ቦይ መስበር ተጀመረ። ቀጥሎ ከማሳ ሽንኩርት ጠፋ። ቀጥሎ ፍየል ጠፋች። ፍየሏ የጠፋችበት ሰው ለጥበቃዎቹ ሊያመለክት ሄዶ፣ ከእነሱው ጓሮ የፍየሏን ቆዳ ተወጥሮ አገኘው። ሳያመለክት ተመለሰ። ከኛ በታች ባለው ቦይ በውሃ ምክንያት ሰው ሞተ። እኛ ግን እንዲህ አይደለንም እንል ነበር።

እኔና ሐሰን ማሳችን ድንበርተኛ ነው። እሱ አንድ በሬ አለው፣ እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ መቀናጆ ነን። በሬዎቻችን ካልተያዩ አያርሱም ነበር። ተራችን ማክሰኞ ነው፤ ጧት የኔ፣ ቀትር የሱ። በዚያ መጋቢት ሽፈራው "አምስት ሞላ" ብሎ ውሃዬን ሲዘጋ ሁልጊዜ የመጨረሻ ሁለት መደቦቼ ሳይጠጡ ይቀራሉ። አንድ ሳምንት ይሁን አልኩ። ሁለተኛ ሳምንት ይሁን አልኩ። የሐሰን ሽንኩርት ግን ጠግቦ ቆሟል። ሐሰን ሽፈራውን በጉቦ ይዞታል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ነው የምለው፤ ጠይቄው አላውቅም። ያኔ ሰው ከመጠየቅ መጠርጠር ነበር የሚቀለው።

በሦስተኛው ማክሰኞ ሐሰን ውሃውን ሊረከብ አካፋውን ይዞ መጣ።

"ገና ነው" አልኩት።

"ሽፈራው ሞላ ብሏል።"

"ሽፈራው የሚለውማ አንተ ያጎረስከውን ነው።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ጎንበስ ብሎ ቦዩን ሊከፍት ሲል አካፋዬን አነሣሁ። ክንዱ ላይ አረፈ። ደሙ ውሃው ውስጥ ወረደና ወደ ራሱ መደብ ገባ። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ደምሴ፣ ምን አደረግኩህ?" አለኝ።

አካፋዬን እዚያው ጥዬ ሄድኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። የሐሰን ወንድሞች በሐሰን ደጃፍ ቆመዋል አሉ። የኔም ዘመዶች ዱላ ዱላቸውን ይዘው መጡ። "እስላሙ፣ ክርስቲያኑ" የሚል ቃል ያን ቀን ነው በመንደራችን ለጠብ ሲነገር የሰማሁት። ሊቀመንበሩም በበኩሉ ልኮብኛል። ሐሰን ይክሰስ፣ ደምሴ ወህኒ ይወርዳል፤ የሁለቱም ማሳ ለማኅበሩ የወል እርሻ ይሆናል አለ። የተበዳዩ ማሳ ለምን እንደሚወሰድ የጠየቀ የለም።

ቤቴ ተቀምጬ ወይ ጥይቱን ወይ ወህኒውን ስጠብቅ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች የውሃ አባት በሩ ላይ ቆሙ። የሾማቸው የለም፤ የላካቸውም የለም። እጄን አዩት። ባዶ ነበር።

"ተነሥ" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ሐሰን ቤት።"

"ይገድሉኛል የውሃ አባት።"

"ይገድሉህ ይሆናል። ግን መንገዱ ቀጭን ነው፣ እኔ ከፊት ነኝ። መጀመሪያ የሚያገኙት እኔን ነው።"

ሄድን። ወንድሞቹ ከደጃፉ አልተነቃነቁም። እሳቸው የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጡና እኔን ከኋላቸው አስቀመጡኝ። እንደ ሽማግሌ ደንብ ምሳሌ አላበዙም። የሐሰን ክንድ በነጠላ ተጠቅልሏል።

"ይኸ ክንድ እስኪድን ድረስ" አሉ፣ "አካፋ ያነሣው እጅ ለሁለት ይሠራል። ደምሴ ያንተንም ማሳ ያጠጣል፣ ይኮተኩታል።"

ታላቅ ወንድሙ ሳቀ። "ሽንኩርቱንም ሊገድለው?"

"ከደረቀ ከኔ ጠይቁ።"

ሁሉም ሐሰንን አየው። ሐሰን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ "በሬዬንም ያብላ" አለ። "ከሱ በሬ ተለይቶ ሣር እምቢ ብሏል።"

በነጋታው ሊቀመንበሩ ሐሰንን አስጠርቶ ክስህን ተናገር አለው።

"ወድቄ ነው" አለ ሐሰን።

"ወድቀህ? አካፋ ላይ?"

"አዎ ጓድ፣ አካፋ ላይ። እኔ ድሮም ስወድቅ ቦታ አልመርጥም።"

ክስ የለም፣ ወህኒም የለም። በዚህ ሊበቃ ይችል ነበር፤ ግን የሽማግሌው ፍርድ ሥራውን ገና አልጨረሰም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጧት የራሴን ማሳ አጠጣሁ፤ እንደ ወትሮው ሁለት መደብ ቀረኝ። ቀትር ላይ የሐሰንን ማጠጣት ያዝኩ። የሱ መደብ ከኔ አያንስም አይበልጥም፤ በገመድ የተካፈልነው ነው። ሁሉንም አጠጥቼ ጨርሻለሁ፤ ሽፈራው ግን አሁንም አልሞላም ይላል። ውሃው ከትልሙ ሞልቶ ይፈሳል። ሐሰን ከቤቱ ሳይወጣ ውሃው ይተርፈዋል። ማን ነው ታዲያ ጉቦ የሰጠው? ሮጬ ለውሃ አባት ነገርኳቸው።

"ሲሰፍር እግሩን አየኸው?" አሉኝ።

"ጥላውን ነው ያየሁት።"

"እግሩን ተመልከት።"

አየሁ። ሽፈራው ጥላውን የሚሰፍረው በከስክስ ነው። ጫማው ከእግሩ ሦስት ጣት ይረዝማል። ጧት ላይ ጥላው ገና ሳያጥር አምስት ሆነ ይላል፤ ከቀትር ወዲያ ጥላው ረዝሞ አልፎ ሳለ ገና አምስት አልሞላም ይላል። ከጧተኛውም ከማተኛውም እየቆረሰ ለቀትረኛው ይሰጣል። ሽፈራው አላወቀውም፣ ሐሰን አላወቀውም። እኔ ግን በዚያ ሰው ልገድል ነበር።

የውሃ አባት ስብሰባ መጥራት አይችሉም፤ ስብሰባ የሚጠራው ማኅበሩ ነው። ስለዚህ ቦይ ጠረጋ ጠሩ። ቦይ ጠረጋ ከተባለ ደም የተቃባም ቢሆን አይቀርም። የቀረ ተራውን ያጣል። ሁላችንም አካፋ አካፋችንን ይዘን ወጣን፤ ሐሰን በአንድ እጁ ቅርጫት ይዟል። ሊቀመንበሩም ነገሩ ሸቶት ሽፈራውን አስከትሎ መጣ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር እንድታይልኝ ነው" አሉት፤ ለሽፈራው ደግሞ፣ "ስፈር ልጄ።"

ሽፈራው ቆመ፤ ጠጠር አስቀመጥንለት፤ ሰፈረ። "አምስት" አለ። እሳቸው በረባሷቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ጠጠር አስቀመጥንላቸው፤ ሰፈሩ። አምስት ተኩልን አልፎ ስድስት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

"እግርን ፈጣሪ ከቁመት ጋር አስማምቶ ሰፍሮታል" አሉ። "ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ነው፣ አጭሩም እንደዚያው። ከስክስን የሰፈረው ግን ፋብሪካ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሽፈራው ጫማውን አውልቆ ይስፈር። ሌላ የምለው የለኝም።"

ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አየን። "ለሦስት ጣት ነው ይኸ ሁሉ ሰው ሥራ ፈቶ የቆመው? ሦስት ጣት ምን ያመጣል?"

የውሃ አባት የሐሰንን ክንድ ቀስ ብለው አነሡት። ነጠላውን ገለጡት።

"ይኸን አመጣ" አሉ።

እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ "ልክ ነው፣ ተሳስተናል" ቢል ኖሮ ትከሻችን ላይ አድርገን በዘፈን ወደ ቤቱ እንወስደው ነበር። እሱም ያሰበ መስሎኛል፤ የሽፈራውን ከስክስ አየ። ከዚያ ግን፣ "ማኅበሩ የወሰነው ሰዓት ነው። በልማድ አንመራም" አለ።

"መሳሳት የሁላችንም ነው ልጄ" አሉት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "አንድ ጫማ ማስወለቅ ካቃተህ ግን ሹመቱ ያንተ አይደለም፣ የከስክሱ ነው።"

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አልናገርም። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረና ጣቱን ወደ ውሃ አባት ቀስሮ ሽፈራውን "ያዘው" አለ። ሽፈራው ጠመንጃውን ይዞ መሬት መሬት እያየ ቀረባቸው። አካፋችንን አጥብቀን ያዝን። ያን ጊዜ በአንድ ቃል ደም ይፈስ ነበር፤ እሳቸው ወደ እጃችን አዩና፣ "አካፋ ለጭቃ ነው" አሉ። "ቦዩን ጨርሱ። ውሃው አልበደለም።" በረባሷቸውን በዱላቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በባዶ እግራቸው ሄዱ።

ማዳበሪያ የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ አሰሯቸው። ቦዩን ጨረስን። በነጋታው ጧት ሽፈራው ሊሰፍር መጣ። የዚያን ቀን ተረኛ የነበረው ሰው አካፋውን መሬት ተክሎ የሽፈራውን እግር ያያል። ቀጥሎ ያለው ያያል። ሁላችንም ከየማሳችን መጥተን እግሩን እናያለን፤ የሚናገር የለም። ውሃው በቦዩ ውስጥ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ የሚነካው የለም። ሽፈራው "ምንድነው?" አለ። ብዙ ቆየን። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ።

በመጨረሻ ሐሰን፣ "የጫማህን ክር ልፈታልህ ነበር ሽፌ" አለ፣ "ምን ላድርግ፣ አንድ እጄ ነው።"

ሽፈራው ራሱ ሳቀ። ተቀመጠና ክሩን ፈታ። እግሩ ነጭ ሆኖ ተጨማዶ ነበር፤ ጠጠሩ ላይ ሲቆም እንደ ሕፃን ተንገዳገደ። ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገናኘ ሰፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ሁለት መደቦቼ ውሃ ጠጡ።

ለውሃ አባት ስንቅ የምናደርስላቸው በውሃው ተራ ነበር። ማክሰኞ ጧት ከኔ ቤት፣ ቀትር ከሐሰን ቤት፣ ማታ ከማተኛው ቤት። በአሥራ አንደኛው ቀን ለቀቋቸው። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። እኔ የማውቀው፣ ሊቀመንበሩ በቦዩ ዳር ሲያልፍ "እንደምን አደርክ" የሚለው ሰው አጥቶ መሰንበቱን ነው። ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። ግን ሁለት ተራ የሚያገኝም ሰው ጠፋ፤ ባዶ እግሩን የቆመ ጥበቃ በጎረቤቶቹ ፊት ሐሰት መስፈር ያሳፍረዋል። ፍየል መጥፋቱም በረደ። በሌሎቹ ቦዮች ሰው በሰው ላይ ሲነሣ፣ በኛ ቦይ አንድ አካፋ አልተነሣም። ሙቀቱ ያው ነው። ሰዎቹ ያው ነን። ይኸን ነው ለተማሩት የምነግራቸው።

ወደ አዲሱ መንደር ግቡ ስንባል እሳቸው እምቢ ብለው ልጃቸው ጋ ካራቆሬ ወረዱ። ከዚያ ብዙም አልተገናኘንም።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሐሰን ቤት ሄድኩ። ነገርኩት። እሱም ስሙን ሲሰማ "ማን ናቸው?" አለኝ። በማግስቱ አብረን ካራቆሬ ለለቅሶ ወረድን። ከሮቢት የመጣን ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ወደ ድንኳኑ ስንገባ ካዩት ሰዎች አንዱ ጠጋ ብሎ "ምናችሁ ናቸው?" ብሎ ጠየቀን። ሐሰን እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ። ጠባሳው እንደ ደረቅ ቦይ ከክንዱ እስከ ክርኑ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ጠባሳውን እያየሁ፣ "ይኸን ያደረግኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "አብረን እንድንመጣ ያደረጉን ግን እሳቸው ናቸው።"

ውሃውን ከእጃቸው ተረክበናል። አሁን ስማቸውን መጥራት ይቻላል፤ ይመር ሙሄ ይባሉ ነበር።